ግብር ያበላው እና ግብር የከፈለው

ባለፈው ዕትማችን «ጌታ ከሌለ ጥበብ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። አነበብነው። ለመልስ አልቸኮልንም፤ ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ ነበረው፣ የጻፈውም ወንድማችን ከእኛ ይልቅ ብዙ ዜማ የሰማ፣ ብዙ መጽሐፍ የገለጠ ነው። ዝም ልንል ነበር። ግን ክርክሩ ካፍቴሪያ ሰልፍ ላይ ቀጠለ፣ ከዚያም እስከ ማደሪያችን ደረጃ ድረስ ተከተለን። ይባስ ብሎ ነገሩ ከወረቀት ወደ ኪስ ተሻገረ። አንድ ባለጸጋ ሰው ለመጽሔታችን የዓመቱን ወረቀት፣ ቀለምና ስቴንስል እኔ ልቻል ብለዋል። በምላሹ የጠየቁት «ትንሽ ነገር» ነው፦ በየዕትሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለእሳቸው የምስጋና ቃል እንዲወጣ፣ ጽሑፎቹም ከመባዛታቸው በፊት እሳቸው የሚወክሉት ሰው እንዲያያቸው። ታዲያ ያንን ጽሑፍ ያነበቡ ወገኖች ምን አሉ? «የቡርጎኝ መስፍኖች ባይኖሩ ዱፋይና ባንሽዋ አይኖሩም ነበር፤ እኛስ ከማን በልጠን ነው እምቢ የምንለው?» አሉ።

እንግዲያው ቡርጎኝ ራሷ ተጠርታ ትመስክር። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። የቡርጎኝ መስፍኖች የፈረንሳይ ንጉሥ ቤት ልጆች ናቸው። በ1363 የንጉሥ ዣን ዳግማዊ የመጨረሻ ልጅ ፊሊፕ ቡርጎኝን ተቀበለ። ሚስቱ ማርግሪት የፍላንደርስ ወራሽ ነበረችና አባቷ በ1384 ሲሞት ሀብታሞቹ የጨርቅ ከተሞች፣ ጋንድ፣ ብሩዥና ኢፕር፣ እነሱም ወደ ፊሊፕ ቤት ገቡ። ከፊሊፕ ዣን፣ ከዣን ፊሊፕ «ደጉ»፣ ከፊሊፕ ደጉ ሻርል «ደፋሩ» እየተባለ እስከ 1477 ድረስ አራት መስፍኖች ነገሡ ማለት ይቻላል፤ ዘውድ ብቻ ነው የጎደላቸው። «ደጉ» የሚለውን ቅጽል የጋንድ ሰዎች ቢጠየቁ ኖሮ ሌላ ነገር ባሉ ነበር። ወደዚያ እንደርሳለን።

የወንድማችን ክርክር ቀላል ነው። ዢል ባንሽዋ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በፊሊፕ ደጉ ጸሎት ቤት ዘመረ፤ ደመወዙን እየበላ ዘፈኑን ጻፈ። ሠዓሊው ያን ቫን ኤይክ በ1425 በመስፍኑ ቤት ተቀጠረ። ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ክላውስ ስሉተር ከዚያ በፊት ለመጀመሪያው ፊሊፕ በዲዦን አጠገብ ሻንሞል በተባለው ገዳም ድንጋዩን አናገረ። ስለዚህ፣ ይላል ወንድማችን፣ የጥበብ አባት ገንዘቡን ያወጣው ጌታ ነው።

«ያወጣው» የምትለዋን ቃል ያዙልን። ከየት ነው ያወጣው?

ወንድማችን ብዙ ቀለም ያፈሰሰበትን ድግስ እኛም እንመልከተው፤ እውነት ለመናገር እኛም ስናነበው አፋችንን ከፍተን ነው የቀረነው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1454፣ ሊል ከተማ። ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ከወደቀች ዓመት አልሞላትም። ፊሊፕ ደጉ መኳንንቱን ሰብስቦ የመስቀል ዘመቻ ሊያስምላቸው ግብር አገባ። በአንዱ ገበታ ላይ ደወል ያላት፣ ኦርጋንና መዘምራን በውስጧ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ተሠርታለች። በሌላው ገበታ ላይ እንደ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተሸፍኖ የተሠራ ነገር አለ፤ በውስጡ ሃያ ስምንት ሰዎች ተቀምጠው ልዩ ልዩ መሣሪያ ይጫወታሉ። ሃያ ስምንት! ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘምር ዳቦው ይመልሳል፣ ዳቦው ዝም ሲል ቤተ ክርስቲያኗ ትቀጥላለች። ጡቷ የወይን ምንጭ የሆነ የሴት ሐውልት ቆማለች፣ የሚጠብቃትም የታሰረ የእውነት አንበሳ ነው። ነጭ አጋዘን የተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገብቶ ዘፈነ፤ ሁለተኛውን ድምፅ የያዘው አጋዘኑ ነበር። ጉድ በሉ! ከዚያ ዝሆን መጣ፣ በላዩም ማቅ የለበሰች «ቅድስት ቤተ ክርስቲያን» ሆኖ የተቀመጠ ሰው። እሱም ኋላ የዘመኑን ታሪክ የጻፈው ኦሊቪዬ ደ ላ ማርሽ ራሱ ነበር ይባላል። በመጨረሻም የቆቅ ዘመድ የሆነ ፌዛን የሚባል ወፍ፣ ነፍሱ ያለች፣ አንገቱ ላይ ወርቅና ዕንቁ የታሰረለት፣ ወደ አዳራሹ ገባ፤ መስፍኑና መኳንንቱም በእግዚአብሔር፣ በእመቤታችን እና በወፏ ስም ማሉ።

ዘመቻውስ? ላም አለኝ በሰማይ። ፊሊፕ ደጉ አንዲት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ሳይራመድ በ1467 ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። ወንድማችን ጊዮም ዱፋይ ስለ ቁስጥንጥንያ የጻፈው ሰቆቃ በዚያ ሌሊት ተዘመረ ብሏል። ብዙ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ እሱ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ድግሱን ከዳቦው እስከ አንበሳው አንድ በአንድ የቆጠሩት ኦሊቪዬ ደ ላ ማርሽና ማትዩ ዴስኩሺ ይህን ዜማ አይጠሩትም። ዱፋይ ራሱ በፍሎረንስ ለሜዲቺ ልጆች በጻፈው ደብዳቤ ስለ ቁስጥንጥንያ አራት ሰቆቃ መሥራቱን፣ ቃሉም ከናፖሊ እንደመጣለት ይናገራል እንጂ መስፍኑን አያነሣም። ለምን ይመስላችኋል ሁሉም ሰው ዜማውን ወደዚያ አዳራሽ የሚጎትተው? ዝሆኑ ስላለ ነዋ! ታላቅ ዜማ ታላቅ ግብር አጠገብ ካልቆመ ታላቅ አይመስለንም። ደጅ መጥናት የለመደ ጆሮ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

አማርኛችን አንድ ድንቅ ቃል አለው። ግብር ሲል ገባሩ የሚከፍለው ነው፤ ግብር ሲል ደግሞ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላው ነው። ፈረንሳይኛ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስላለው የቡርጎኝን ነገር የጻፉ ሊቃውንት አንዱን በግምጃ ቤት ታሪክ፣ ሌላውን በጥበብ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ለያይተው ያስቀምጡታል። አያቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጡት ቃል አጥሯቸው አይመስለንም።

በ1447 ፊሊፕ ደጉ ወደ ጋንድ ሄዶ በጨው ላይ አዲስ ግብር ይጣል አለ። ጨው! ሀብታሙም ድኻውም እኩል የሚቀምሰው ነገር። የጋንድ ሰዎች እምቢ አሉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጦርነት ሆነ፤ ጁላይ 23 ቀን 1453 ጋቬር በተባለ ቦታ የከተማይቱ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች በመስፍኑ ጦር ተጨፈጨፉ። ከዚያም የከተማይቱ መሪዎች ሸሚዝ ብቻ ለብሰው፣ በባዶ እግር፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ በመስፍኑ ፊት ተንበርክከው ምሕረት ለመኑ። የሙያ ማኅበሮቻቸውን ሰንደቆች አስረከቡ። 350,000 የወርቅ ሳንቲም ቅጣት ተጣለባቸው።

ይህ በጁላይ ነው። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ዳቦው ውስጥ ሃያ ስምንት ሰው ዘፈነ። በመካከሉ ሰባት ወር እንኳን አልሞላም።

የጋንድ ሳንቲም አንድ በአንድ ተቆጥሮ የዝሆን ልብስ ሆነ አላልንም። ግምጃ ቤቱ ግን አንድ ነው። የወንድማችንን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ብናነበው ጋንድ የምትባል ከተማ አንዴም አልተጠራችም፤ የወፉ አንገት ላይ ያለው ዕንቁ ግን ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። ይኸው ነው ቅሬታችን። ሻርል ደፋሩም ከአባቱ ተማረ፦ ጁላይ 1468 ብሩዥ ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ እህት ሲያገባ ሠዓሊዎችና አናጢዎች ከየከተማው ተለቅመው በቀን ሒሳብ እየተከፈላቸው አዳራሹን አስጌጡ፤ ከእነዚያ የቀን ሠራተኞች አንዱ ዛሬ ሥራውን ለማየት ሰው ባሕር የሚሻገርለት ሁጎ ቫን ደር ጉስ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ያው ሙሽራ የሊዬዥን ከተማ አስዘርፎ አቃጠላት።

«እሺ ይሁን፣» ይላል ወንድማችን፣ «ገንዘቡ የሕዝብ ነው እንበል፤ ቢሆንም የመዘምራኑን ጉሮሮ ያራሰው መስፍኑ ነው።» ይህንንም እንመርምረው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነገሩ ሁላችንም ከጠበቅነው ይለያል። ባንሽዋም ሆነ ዱፋይ ዋናው እንጀራቸው የመስፍኑ ደመወዝ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሹመት ነው። አንድ ሰው የአንድ ካቴድራል ማኅበረ ካህናት አባል ሆኖ ሲሾም ከደብሩ መሬትና ከአሥራቱ ድርሻ አለው፤ ደብሩን በዓይኑ ባያየውም ድርሻው ይደርሰዋል። ጌታው የሚያደርገው ለጳጳሱ ወይም ለሮማ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ጊዮም ደ ማሾም በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የረንስን ሹመት ያገኘው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጌታው የቦሄሚያው ንጉሥ ዣን ለመነለት፣ ሮማ ሰጠች (ሮማ ስንል ያኔ አቪኞን የተቀመጠችውን ነው)። አንዳንዱ መዘምር ሦስት አራት ደብር እየሰበሰበ ይበላ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያለው ያገራችን ሰው እዚያም ቢሄድ እንግዳ አይሆንም ነበር። እንግዲህ መስፍኑ ለዘማሪው የሰጠው ምንድን ነው? የሌላ ሰው አሥራት። በስንዴ፣ በበግና በተልባ ከገበሬው የተሰበሰበ አሥራት ወደ ካምብሬ፣ ወደ ሞንስ፣ ወደ ሱዋኚ ገብቶ ዜማ ሆኖ ወጣ። የልግስናውን ስም ግን መስፍኑ ወሰደው። በሰው ድግስ አሳላፊው ተመሰገነ።

ጭራሽ የመጀመሪያው ፊሊፕ በ1404 ሲሞት የሆነውን ስሙ። ሚስቱ ማርግሪት ዕዳውን ፈርታ መቀነቷን፣ የገንዘብ ከረጢቷንና የቁልፍ እቃዋን በሬሳ ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ከሚንቀሳቀስ ንብረቱ እጄን አውጥቻለሁ አለች፤ የአገሩ ወግ እንዲህ ነበር። ሻንሞልን ያሠራ፣ ስሉተርን ያኖረ ታላቅ ለጋስ ይህ ነው። ሚስቱ እንኳን ኪሱን ለመውረስ ያልደፈረችው ሰው!

ሙያውስ ከየት መጣ? ከመስፍኑ አዳራሽ? በጭራሽ። ዱፋይ የቄስ ዲቃላ ነበር፤ በ1409 በካምብሬ ካቴድራል ከሕፃናት መዘምራን አንዱ ሆኖ ገባ፣ ዜማና ሰዋስው እዚያ ተገረፈ። የዘመኑ ዘማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ካሉ የካቴድራል ትምህርት ቤቶች ነው የወጡት። መስፍኖቹ ያደረጉት የበሰለውን ፍሬ መልቀም ነው። የእጅ መሣሪያ ተጫዋቾቹ፣ ማለትም አዝማሪዎቹ፣ ደግሞ የራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። በዐቢይ ጾም ጭፈራ ስለሚቆም ሥራ የለም፤ ስለዚህ ከየአገሩ ተነሥተው እንደ ብሩዥና ቦቬ ባሉ ከተሞች ይሰበሰቡና አዲስ ዜማ ይለዋወጡ፣ መሣሪያ ይገዙና ይሸጡ ነበር። መስፍኖቹ ለአዝማሪዎቻቸው የመንገድ ስንቅ ሰጡ። ስንቁን አንክድም። ትምህርቱ ግን ባለሙያ ለባለሙያ የሰጠው ነው። እኛም ዓመቱን ሙሉ በሌክቸር ያላገኘነውን በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛ ስንማር የኖርን ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል።

ማርታን ለ ፍራን የተባለው ገጣሚ በ1440 ግድም ለራሱ ለፊሊፕ ደጉ ባበረከተው ትልቅ ግጥም ስለ ዱፋይና ስለ ባንሽዋ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው፣ አዲሱን ጣፋጭ አዘማመር ከእንግሊዞች፣ ከደንስተብል፣ ቀሰሙ የሚለው ነው። እንግሊዞች ያኔ በፈረንሳይ ምድር ምን ይሠሩ ነበር? ይወጉ ነበራ። ዜማው የመጣው ከጦር ሠራዊቱና ከጌቶቹ ጓዝ ጋር፣ በዘማሪ ጆሮ ነው፤ መስፍን አዝዞ ያስመጣው አይደለም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይበልጣል። በፊሊፕ ቤት ሁለት ዓይነ ስውራን ነበሩ፣ ዣን ደ ኮርዶቫልና ዣን ፌራንዴስ የሚባሉ፤ መስፍኑ በ1430 ካገባት ከፖርቱጋሏ ኢዛቤል ጋር የመጡ። የሚጫወቱት በደጋን የሚመታ፣ የእኛን ማሲንቆ የሚያስታውስ ባለ ክር መሣሪያ ነው። ማርታን ለ ፍራን ሲናገር፣ እነዚህ ሁለት ዕውሮች ሲጫወቱ ባንሽዋ አፍሮ ዝም ሲል፣ ዱፋይም ያንን የመሰለ ዜማ ስላልቻለ ሲናደድ አይቻለሁ ይላል።

የዘመኑ ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት፣ ወረቀት የሚያነቡ፣ ላቲን የሚያውቁ፣ ባለ ሹመቶች፣ በሁለት ዓይነ ስውራን አዝማሪዎች ፊት አፈሩ! ከዕውሮቹ ዜማ ታዲያ ዛሬ ምን ቀረን? አንዲት ኖታ አልቀረችም። ብራና የሚገዛው ጌታ ብራናውን ለሌላ ነገር አዋለው። በብራሰልስ የሚገኝ የቡርጎኝ ቤት የጭፈራ መጽሐፍ አለ፤ ገጹ ጥቁር ነው፣ ጽሑፉ ወርቅና ብር ነው፣ ሲያዩት ዓይን ያጠፋል። በውስጡ ያለው ግን የየጭፈራው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጭፈራ የሚያሞቀውን አዝማሪዎቹ ከራሳቸው እያፈለቁ ይጫወቱት ነበርና አልተጻፈም። ጌታው ዋጋ የሰጠው ለወርቁ ቀለም ነው። ወንድማችን «ደጋፊ ባይኖር ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር» ይለናል። እኛ ደግሞ ደጋፊው እያለ፣ ለዚያውም ብራናው በእጁ እያለ የጠፋውን እንቆጥራለን።

አሁን ፊታችንን ወደ ሌላው ወገን እናዙር፤ እነሱ ይህን ሲያነቡ እጃቸውን እያፋተጉ እንደሆነ እናውቃለንና። «በሉ እንግዲያ! የመሳፍንት ቅራቅንቦ መሆኑን ራሳችሁ አመናችሁ፤ የቅዳሜው የማዳመጫ ሰዓት ይቅር፣ የጌቶች ዜማ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ቀስ በሉ። ዜማው የጌቶች ነው ያለው ማን ነው? ወንድማችን አለ፣ እናንተም አላችሁ። በዚህ ነገር ከእሱ ጋር አንድ ናችሁ፣ ልዩነታችሁ እሱ ሲያጨበጭብ እናንተ ትፉ ማለታችሁ ብቻ ነው።

ባንሽዋ ዜማ ከሠራላቸው ግጥሞች አንዱ የክርስቲን ደ ፒዛን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት የኀዘን ግጥም። ክርስቲን በሃያ አምስት ዓመቷ ግድም ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿንና እናቷን ይዛ፣ የባሏን ውዝፍ ደመወዝ ለማስከፈል ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ዓመታት ተንከራታ፣ በመጨረሻ ብዕሯን እንጀራ ያደረገች ሴት ናት። ለመስፍን ጽፋለች፤ የመጀመሪያው ፊሊፕ በ1404 የሟቹን የንጉሥ ሻርል አምስተኛን ታሪክ ጻፊልኝ ብሎ አዟታል። ደጅ ጠንታለች። እናስ? ልጆቿ ጾም ይደሩ? ያንን ኀዘን ባንሽዋ ሦስት ድምፅ አድርጎ ሲያስለቅሰው የሰማ ሰው «ይህ የፊሊፕ ነው» ካለ ጆሮው ላይ ችግር አለ።

ዱፋይ ደግሞ ሊሞት ሲቃረብ ምን አደረገ? ለእመቤታችን በሠራው ዜማ መካከል የራሱን ስም አስገብቶ፣ ለሚሞተው ለዱፋይህ ማርልኝ እያለ ለነፍሱ ለመነ። ይህንንም በሚሞትበት ሰዓት በአልጋው አጠገብ ወንዶችና ሕፃናት መዘምራን እንዲዘምሩለት ተናዘዘ። ኖቬምበር 27 ቀን 1474 ሞት ቀደመው፣ ጊዜ አልበቃም፤ ዜማው በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ተዘመረ። እዚህ ውስጥ መስፍን የት አለ? እንዲያውም ሻርል ደፋሩ በዱፋይ ኑዛዜ ውስጥ ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ ነው፤ ዱፋይ የዜማ መጻሕፍት አወረሰው። (ሻርል ራሱ ዜማ ይደርስ ነበር፤ በ1460 አንዱ ሥራው ዱፋይ በሚኖርበት በካምብሬ ካቴድራል ተዘምሯል። ድምፁ ግን ጥሩ አልነበረም ይላሉ። ሊዬዥ ብትጠየቅ በድምፁ ብቻ አትፈርድበትም።)

ጻድቃን ነበሩ ማለታችንም አይደለም። የሻርል ዘማሪ የነበረው አንትዋን ቡኑዋ በ1461 ቱር ከተማ ቄስ አስደብድቦና ደብድቦ ተወግዞ ነበር፤ ተወግዞም ቀድሷል። ያም ሆኖ ዜማው ዜማ ነው።

ለክርክራችን የማይመች አንድ እውነት ደግሞ አለ፣ አንደብቀውም። በ1435 የመስፍኑ ሒሳብ ሹማምንት የያን ቫን ኤይክን የዕድሜ ልክ አበል ደብዳቤ አናጸድቅም ብለው ሲያንገላቱት፣ ፊሊፕ ደጉ ተቆጥቶ ጻፈባቸው፤ ይህ ሰው ጥሎን ከሄደ አቻውን አናገኝም፣ ያለ ሰበብ ክፈሉት አለ። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ጥበብን የሚያውቅ ጌታ እንደነበረ አንክድም፤ ብዙ ባለሥልጣን ለሠዓሊ ሲል የሒሳብ ሹም አይቆጣም። ሆኖም ደብዳቤውን ደግማችሁ አንብቡት፦ የሚፈራው ማን ነው? መስፍኑ ነው የሚፈራው፣ ሠዓሊው እንዳይሄድበት። ዱፋይም እንደዚሁ፤ የካምብሬ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነበርና መስፍን ፊቱን ቢያጠቁርበት ምሳው አይቀርበትም። ባንሽዋ በ1453 ከቤተ መስፍኑ ተሰናብቶ ሱዋኚ ሄዶ በሹመቱ እየኖረ በ1460 አረፈ። እነዚህ ሰዎች አንገታቸውን ቀና ያደረጉት ጌታው ስለወደዳቸው አልነበረም፤ ጌታው ሲጠላቸው ሊነጥቃቸው የማይችል ነገር ስለነበራቸው ነው። ያ ነገር ከገበሬው አሥራት የመጣ መሆኑ ያሳዝናል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ስለ አገራችን አንድ ቃል ካስፈለገ እነሆ። የፊሊፕ ደጉ ባለሟል በርትራንዶን ደ ላ ብሮኪዬር በ1432 እና 33 ወደ ምሥራቅ ተልኮ ሲመለስ በቁስጥንጥንያ ማዶ በፔራ ኢትዮጵያ ኖሬያለሁ የሚል ፒዬትሮ የሚባል የናፖሊ ሰው አግኝቶ ስለ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» አገር ሲያስወራው ቆየ፣ ወሬውንም ጽፎ ለመስፍኑ አቀረበ። ያ ሁሉ የመስቀል ዘመቻ ሕልም ሲታለም እኛም እንደ ዝሆኑ በአዳራሹ ጥግ የቆምን ጌጥ ነበርን ማለት ነው። በድግሱ ላይ ግን አልተጠራንም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ። ወንድማችን ደጋፊ ሁሉ ክፉ ነው አላችሁ እንዳይለን፤ አላልንም። ባለጸጋው ሰው ክፉ ሰው ናቸውም አላልንም፤ አናውቃቸውም። ወረቀት ቢሰጡን፣ ወረቀት ሰጡ ብለን በመጨረሻው ገጽ በአንድ መስመር እንጽፋለን፤ የዋጋውንም ልክ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ግን ሌላ ነው፤ «ይህን ጥበብ የወለድነው እኛ ነን» የሚል ማኅተም ነው። ጽሑፍን ከመባዛቱ በፊት የሚያይ ሰው ደግሞ ፊሊፕ ደጉ እንኳን በባንሽዋ ትከሻ ላይ እንዳቆመ ያነበብነው ነገር የለም። እሳቸው እጃቸውን በሰበሰቡ ቀን ማባዣው የሚቆም ከሆነ ካሁኑ የቆመ ነው። ቫን ኤይክ እሄዳለሁ ማለት ይችል ነበር፣ እኛ የት እንሄዳለን? ያለን በየወሩ ከየአባሉ የሚሰበሰበው ሳንቲም ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ማንም ሊነጥቀን አይችልም።

ለዚህ ዕትም የሰበሰብነው ለሁለት ሪም ወረቀትና ለግማሽ ቱቦ ቀለም በቅቷል። ከአባላቱ ዐሥራ አንዱ ያልከፈሉ ናቸው፤ ስማቸውን አንጽፍም፣ ራሳቸው ያውቃሉ። ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት በሚደረገው ስብሰባ ባለጸጋው ያቀረቡት ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ እኛ እምቢ እንላለን፤ ወንድማችንም መጥቶ ይከራከረን፣ ቦታ እንይዝለታለን። በቅዳሜው የማዳመጫ ሰዓት የባንሽዋና የክርስቲን ኀዘን ይሰማል፤ «ይጣል» ያሉት ጓደኞቻችንም በመጀመሪያው ረድፍ ቢቀመጡልን ደስ ይለናል። የዚህ ገጽ ጽሑፍ ከደበዘዘባችሁ ቀለሙ እዚህ ላይ ስላለቀ ነው።